ባለቤቱ በስድስት፣ ሻንጣው በስምንት

ፒያሳ ላይ የሚወራው እንዲህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሉልሰገድ በቅናት ነድዶ ከመቀሌ የሚነሳ አውሮፕላን አስቆመ፤ እሱ ግን በሌላ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቀደመ፤ አየር ላይ የፓይለቱን ፂም በነጻ ላጨለት፤ ፓይለቱም ውለታ የማይረሳ ሰው ስለሆነ ቦሌ ከማረፉ በፊት ጊዮርጊስን አንድ ዙር ዞሮ ሱቁን ከላይ አሳየው። ይህን የሚያወራው ከሉልሰገድ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልሙሀይሚን ነው። ጠዋት ማኪያቶውን ይዞ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያወራ አውሮፕላኑ ሱቁን ያየው ከሩቅ ነበር። ለምሳ ሲወጣ ዝቅ ብሏል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክንፉ ራስ መኮንን ድልድይን ሊነካ ለጥቂት ተርፏል።

ወሬው ያጠራጥራል። አንደኛ፣ ምላጭ በእጅ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መግባት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሉልሰገድ አንድ ሰው ለማስተካከል ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ አንዱን ሰዓት ለመቁረጥ፣ አንዱን ደግሞ ባለፈው ማን እንደቆረጠው ለመመርመር። ከመቀሌ አዲስ አበባ ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ ፓይለቱ አንድ ጉንጩ ብቻ ተላጭቶ ነበር የሚያርፈው። ሦስተኛው የቅናቱ ጉዳይ ነው። እሱ እንኳ ብዙም አያጠራጥርም።

ሉልሰገድ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ደንበኛው ሌላ ቦታ ተቆርጦ ከመጣ ማጅራቱን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ያውቃል። «ይሄ አራት ኪሎ ነው» ይላል። «ግራኝ ነው የቆረጠህ። ቸኩሎ ነበር። ከቆረጠህ በኋላ ምሳውን በልቷል።» ሰውየው ላብ ያጠምቀዋል። ለሥራ ሁለት ዓመት ውጭ አገር ከርሞ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ደርሶ የተመለሰ ደንበኛ አለ፤ እዚያ ፀጉር ቤት ጠፍቶ አይደለም። መቀሱን፣ ምላጩንና ቶንዶሱን ደግሞ ሱቅ ጥሎ አድሮ አያውቅም። ማታ ማታ በቆዳ ሻንጣ አድርጎ ቤቱ ይወስዳል። ባለቤቱ የሺዓለም፣ «ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሄድ እጄን ይዞ አያውቅም፤ ለካ እጁ ተይዟል» ትላለች።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚቀናው ግን በእምሩ ነው። እምሩና ሉልሰገድ ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሰው፣ ከጋሽ ገብረትንሣኤ፣ በአንድ ክፍል፣ በሁለት ወንበር ነው። ጋሽ ገብረትንሣኤ እርጅና ሲመጣ ወደ ልጆቹ ወደ መቀሌ ገባ። ሲሄድ ለሁለቱም አንዳንድ መቀስ ሰጣቸው፤ ክፍሏንም ለሁለት እንዲካፈሉ ተናዘዘ። መሐል ላይ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ተመታ። ከዚያ ወዲህ ሉልሰገድ በግድግዳው ውስጥ የእምሩን መቀስ እየሰማ ይሠራል። እምሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚቆርጥ ያውቃል። የእምሩ ደንበኛ ሲስቅ የሉልሰገድ ደንበኛ ጆሮ ትደማለች ይባላል፤ ይህን አብዱልሙሀይሚን የጨመረው ሊሆን ይችላል።

እምሩ በበኩሉ ረጋ ያለ ሰው ነው። አይጣላም፣ አይመልስም። ሉልሰገድን ይበልጥ የሚያበሽቀው ይሄ ነው።

የጠባቸው ሥር ያለው በአንድ ሕፃን ራስ ላይ ነው። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ወይዘሮ አክበረት የምትባል ጎረቤታቸው የሦስት ዓመት ልጇን ሰመረን ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሩን ልታስቆርጥ አመጣችው። ሉልሰገድ ጀመረ። ሦስት ጊዜ እንደቆረጠ ሕፃኑ ጣቱን ነከሰው። ሉልሰገድ ጣቱን ታጥቦ ሲመለስ እምሩ ጨርሶታል። የሰመረን የመጀመሪያ ፀጉር ማን ቆረጠ? ሉልሰገድ «የጀመረ ነው» ይላል። እምሩ ፈገግ ይላል።

እንግዲህ ሰመረ በዚህ ጥር ሊያገባ ሆነ። ሰርጉ እሑድ፣ ሙሽራው የሚስተካከለው ቅዳሜ። ሁለቱም «እኔ ነኝ» አሉ። አክበረት ሰርግ የምትደግስ ሴት ናት፤ ለዚህ ጊዜ የላትም። «ቅዳሜ መጀመሪያ በሬን ያንኳኳ እሱ ያስተካክለው» ብላ ፈረደች።

እዚህ ላይ ጋሽ ገብረትንሣኤ መሞቱን መናገር ያስፈልጋል። ከሰርጉ አርባ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው ያረፈው። ሁለቱም ፂማቸውን ለቀቁ። ተዝካሩ ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ መቀሌ ስለሚወጣ፣ ሁለቱም የሟቹን ልጆች የኀዘን ፂም በራሳቸው እጅ ለማውረድ ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩ። አንዱን ሉልሰገድ፣ አንዱን እምሩ፣ ሦስተኛውን ከብዙ ክርክር በኋላ ቀኙን አንዱ ግራውን አንዱ ላጩት።

ከዚያ ልጆቹ፣ «በሉ አሁን እናንተም ተላላጩ» አሏቸው።

የኀዘን ፂም በራስ እጅ አይወርድም። ሌላ ሰው መጥቶ «ይብቃህ» ብሎ ነው የሚያወርደው። ሉልሰገድ እምሩን አየው፤ እምሩም ምላጩን።

«እኔ አዲስ አበባ ስደርስ» አለ ሉልሰገድ።

«እኔም ለነገሩ አዲስ አበባ ብሆን ይሻላል» አለ እምሩ።

ማን እንደሚያወርድላቸው ግን አንዳቸውም አላሰቡም። ሉልሰገድ ጉንጩን አሳልፎ የሚሰጠው ፀጉር አስተካካይ ከጋሽ ገብረትንሣኤ ሌላ በዓለም ላይ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ተቀብሯል።

ቅዳሜ ሁለቱም የተቆረጠላቸው የስምንት ሰዓቱ በረራ ነው። አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ያርፋሉ፤ ፉክክሩ ከቦሌ በሚይዙት ታክሲ ይለያል ማለት ነው። ሉልሰገድ ለዚህ ሲል ከዋዜማው ጀምሮ ጫማውን ለሩጫ የሚመች አድርጓል። አውሮፕላን ማረፊያው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ሻንጣቸውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው አስረከቡ፤ ምላጭና መቀስ ስላለበት በእጅ አይያዝም። ከዚያ ተቀመጡ።

የአራት ሰዓቱ በረራ በጭጋግ ዘግይቶ ገና አልተነሳም ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል ተባለ። ይህን ሲሰማ እምሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወደ ባንኮኒው ሄደ። ከልጅቷ ጋር አንድ ሁለት ቃል ተነጋገረ። ልጅቷ በእጇ ወደ ውስጥ አመለከተችው። እምሩም ወዳመለከተችው ሄደ።

የሉልሰገድ ደም ፈላ። እምሩ በረራ ቀየረ ማለት ነው። ቀድሞት ሊገባ ነው። የአክበረት በር ላይ ቆሞ ፈገግ ሊል ነው። እውነቱ ግን እምሩ የጠየቀው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ነበር።

ሉልሰገድ ባንኮኒው ላይ ተንጠላጠለ። ልጅቷ ሉዋም ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«ልጄ፣ አሁን የሚነሳው ላይ ቦታ አለ?»

«አንድ ቀርቷል አባቴ። የእርስዎ ግን የስምንት ሰዓቱ ነው።»

«እሱን ተይው። ወደዚህ አዙሪልኝ።»

«ማዞሩስ ይቻላል። ሻንጣዎን ግን አስረክበዋል፤ እሱ በስምንቱ ነው የሚመጣው።»

«ይምጣ። መንገዱን ያውቀዋል።»

አንድ ቀን እንኳ ከእጁ ያልለየውን ሻንጣ እንዲህ አለው። ቅናት እንዲህ ያደርጋል። ሉዋም ወረቀቱን አትማ እየሰጠችው፣ «ስምዎን ከስምንቱ ዝርዝር ላይ እስካወጣ አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ፤ ወንበርዎንም ላረጋግጥ» አለችው። በዚያው ቅጽበት እምሩ እጁን እያራገፈ ብቅ አለ። ሉልሰገድ ወረቀቱን ከእጇ መንጭቆ ሮጠ። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ያን ያህል ይሮጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሉዋም «አባቴ፣ አባቴ» እያለች ቀረች። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ወደ ባንኮኒው ተገፋፉ፤ ስሙም ከስምንቱ ዝርዝር ሳይወጣ ቀረ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወረቀቱ ላይ ያለው ወንበር ተይዟል። ወይዘሮ ጁወይሪያ የተባለች ሴት ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ይሄ የኔ ነው።»

«ይኸው የኔ ወረቀት። አሥራ ሁለት ይላል።»

«የኔም አሥራ ሁለት ይላል።»

«እንግዲያው ጭኔ ላይ አትቀመጥ። ሂድና ጠይቅ።»

መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ሥር አስቀመጡት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉልበቱን ይመታዋል። እሱ ግን ደስ ብሎታል። አውሮፕላኑ ተነሳ። በመስኮቱ ወደ ታች እያየ «እምሩ እንግዲህ እዚያ ቀርቷል» ብሎ ፈገግ አለ፤ ራሱ እንደ እምሩ ፈገግ እንዳለ ሲገባው አቆመ። ከዚያ ልማድ ሆኖበት እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ፤ የቆዳ ሻንጣው ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት። ያገኘው የራሱን ጭን ብቻ ነው።

ያኔ ገባው። ሙሽራው ጋ ቀድሞ ይደርሳል። መቀሱ ግን ከእምሩ ጋር ነው የሚመጣው።

በስምንት ሰዓት መቀሌ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። የስምንቱ በረራ ሰው ሁሉ ገብቶ አንድ ስም ጎደለ። «ተሳፋሪ ሉልሰገድ» እያለ ድምፅ ማጉያው ይጠራል። ሻንጣው አለ፣ ስሙ አለ፣ ሰውየው የለም። ባለቤት የሌለው ሻንጣ ይዞ አይበረርም። አንድ የጥበቃ ሰው አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ «የሚያውቀው አለ?» ሲል እምሩ እጁን አወጣ።

«በስድስቱ ሄዷል።»

«ለምን?»

«ስለቀና።»

ሰውየው የያዘውን ወረቀት አየ። «ቅናት የሚል ምክንያት እዚህ የለም» አለ። ሻንጣው ወረደ፣ ተፈተሸ፣ ሉዋም ተጠራች፣ ስሙ በስድስቱ ላይ ተገኘ፣ ሻንጣው ተመልሶ ተጫነ። አንድ ሰዓት ሄደ። አውሮፕላን አስቆመ የተባለው ይሄ ነው።

ሉልሰገድ በዚያን ጊዜ የአክበረትን በር እያንኳኳ ነበር። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

«ቀደምኩ» አለ እያለከለከ።

አክበረት ከላይ እስከ ታች አየችው። «ቀድመሃል። ግን በዚህ ፂም ልጄን አትነካም።»

«የጋሽ ገብረትንሣኤ ኀዘን ነው።»

«ነፍሱን ይማር። ነገ ግን ሰርግ ነው። የኀዘን ፂም ሙሽራ ራስ ላይ አይንዠረገግም። መጀመሪያ ያንተን ያውርዱልህ።»

«ማን?»

«ፒያሳ ላይ ፀጉር አስተካካይ ጠፋ?»

ሉልሰገድ አሰበ። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም እስከ ሥላሴ ድረስ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ በሐሳቡ አስቀምጦ አነሳ። «ጠፋ» አለ።

ሙሽራው ሰመረ ፀጉሩን ታጥቦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይጠብቃል። ሉልሰገድ ዞረው፣ አየው፣ መቀስ የያዘ ይመስል ሁለት ጣቱን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ጋሼ፣ ዕቃህስ?» አለ ሰመረ።

«እየመጣ ነው።»

«በምን?»

«በእምሩ።»

አክበረት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባችና ቋንጣ የምትቆራርጥበትን መቀስ ይዛ ወጣች። ሉልሰገድ መቀሱን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሌላ ሴት ይዘው ሊድሩት የመጡ ያህል አፈረ።

አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሰመረ፣ «ጋሼ፣ ፀጉሬ ደረቀ» አለ።

«አርጥበው።»

ሦስት ጊዜ ረጠበ፣ ሦስት ጊዜ ደረቀ። ሉልሰገድ እምሩ ጋ መደወል ጀመረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደውሎለት አያውቅም፤ ቁጥሩን እንኳ ከአክበረት ነው የወሰደው። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ሞከረ፤ ዝግ ነው። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ይመላለሳል። ታክሲ በቆመ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። የሰፈሩ ሰው ሚስቱን የሚጠብቅ መሰለው። በልቡ የሚያስበው ግን ሌላ ነው። ሻንጣውን ከፍቶት ይሆን? መቀሱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ሞክሮት ይሆን? ስለቱ ከራሱ መቀስ እንደሚበልጥ አይቶ ይሆን? ወይስ ጭራሽ እንደማይበልጥ?

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እምሩ መጣ። በቀኝ እጁ የራሱን ሻንጣ፣ በግራው የሉልሰገድን ይዟል። የእሱም ፂም ጉንጩን ሸፍኗል።

«ሻንጣህ ይከብዳል» አለ እምሩ እያቀበለው።

«ከፈትከው?»

«አልከፈትኩትም።»

«አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜ እንኳ።»

ሉልሰገድ የሻንጣውን መዝጊያ ነካካ። «ለምን አትከፍተውም? ምን አለው ብለህ ነው የናቅከው?»

አክበረት መሐላቸው ገባች። «ሁለታችሁም ፂማም ናችሁ። ተላላጩና የጨረሰ ልጄን ይያዝ።»

እዚህ ላይ ችግሩ ተቆላለፈ። ቀድሞ የተላጨው ሙሽራውን ቀድሞ ይይዛል። ቀድሞ ለመላጨት ግን ቀድሞ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ መቀመጥ ደግሞ በሌላኛው ምላጭ ሥር አንገትን መስጠት ነው። «አንተ ተቀመጥ» «አይ አንተ» ተባባሉ። ከዚያ እምሩ «እሺ፣ እኔ ልቀመጥ» ሲል ሉልሰገድ፣ «አሃ፣ ቀድመህ ለመጨረስ ነው» አለ። እምሩ ተመልሶ ተነሳ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሁለት ወንበር ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ አንዱ የሌላውን ቀኝ ጉንጭ ይላጫል፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ግራ ጉንጭ። ማንም ማንንም እንዳይቀድም።

ሉልሰገድ የእምሩን ማጅራት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። እንደ ልማዱ ማን እንደቆረጠው ሊያውቅ ነው። አውራ ጣቱ ቆመ። ከጀርባ ያለው መስመር ተጣሟል፤ በሁለት መስታወት እያየ፣ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዞ የቆረጠ ሰው መስመር ነው። የሉልሰገድም ማጅራት ልክ እንዲሁ ነው።

«ራስህ ነህ የምትቆርጠው» አለ።

«ጋሽ ገብረትንሣኤ ከሄደ ጀምሮ» አለ እምሩ። «ለማን ልስጠው?»

ሉልሰገድ ምላጩን አስተካከለ። «ይብቃህ» አለው፤ ድምፁ እንደ ሳል ወጣ። እምሩም ተራው ሲደርስ «ይብቃህ» አለው። ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል በግቢው ውስጥ የምላጭ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለቱም እየላጩ አንዳቸው የሌላውን እጅ በዓይናቸው ይከተላሉ። ሁለቱም የሚሹትን ጉድለት አላገኙም።

ሁለት ለስላሳ ፊት ይዘው አንድ ላይ ወደ ሙሽራው ዞሩ። ወንበሩ ባዶ ነው። እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎበታል።

ሰመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእግሩ ተመለሰ። ፀጉሩ ተስተካክሏል፣ ፂሙ ተስተካክሏል፣ ፊቱ ያበራል። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ረጥቤ ጉንፋን ሊይዘኝ ነው። አራት ኪሎ ዊንታ የምትባል ልጅ አለች፤ በሃያ ደቂቃ ጨረሰችኝ።»

ሉልሰገድ በግራ፣ እምሩ በቀኝ መጡ። ሁለት አውራ ጣት በአንድ ጊዜ የሙሽራው ማጅራት ላይ አረፈ። ዳበሱ። ተመልሰው ዳበሱ። ጆሮውን አጠፉት፣ ከጆሮው ጀርባ አዩ።

«አልቸኮለችም» አለ እምሩ በመጨረሻ።

«እዚህ ጋ ትንሽ...» አለ ሉልሰገድ። ፈለገ። አላገኘም። «ምንም የለውም» አለ፤ ቃሉ ጥርሱን ያሳመመው ይመስል ነበር።

እሑድ ሰርጉ ላይ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ሰው ሙሽሪትን ያያል፣ እነሱ የሙሽራውን ማጅራት ያያሉ። በፎቶዎቹ ሁሉ ከኋላ ሁለት የተላጩ ሰዎች ቆመው አንገቱ ላይ ሲያፈጡ ይታያሉ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሱቅ ዝግ ነበር። አራት ኪሎ፣ ከዊንታ ፀጉር ቤት ማዶ ካለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ይዘው ሦስት ሰዓት ሙሉ መስኮቷን ሲያዩ ተገኙ። አንዱ ደቂቃ ይቆጥራል፣ አንዱ የመቀሷን እንቅስቃሴ። ማክሰኞም ሄዱ። ሐሙስ ቀን የኮምፖርሳቶው ግድግዳ ላይ አንድ ሳንቃ ተነስቶ ታየ፤ ለምን እንደተነሳ ሲጠየቁ፣ «ስለዚያች ልጅ ለመነጋገር» አለ እምሩ።

ዓርብ አብዱልሙሀይሚን ፂሙን ሊላጭ ገባ፤ የገባው ለወሬ ነው። ሉልሰገድ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት። መስታወቱ ጥግ ላይ አሥራ ሁለት የሚል ቁጥር ያለበት የአውሮፕላን ወረቀት ተሰክቷል። በተነሳው ሳንቃ በኩል እምሩ ጉልበቱ ላይ ጋዜጣ አድርጎ ይታያል።

«እንዲያው ሉሌ» አለ አብዱልሙሀይሚን፣ «እውነት በቅናት በረራ ቀየርክ? ከኔ አይለፍ።»

ሉልሰገድ ምላጩን ጨርቅ ላይ አሸት አሸት አደረገ። አውራ ጣቱን በደንበኛው ማጅራት ላይ አሳረፈ፤ ትንሽ አቆየው።

«ስማ» አለ። «መቀሌ አልሄድኩም። በረራ አልቀየርኩም። ሻንጣዬ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። እምሩ የሚባል ሰው አላውቅም። አራት ኪሎ ከወጣሁ ዓመት ሆኖኛል። በሰው ቀንቼ አላውቅም። ሰመረን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያም፣ አሁንም።»